መኪናው አዲሶቹን ጎማዎች ይወቃቸው



 እዚህ ኮሎራዶ፣ አውሮራ ውስጥ የብዙዎቻችን እንጀራ ጎማ ላይ ነው። ዕቃ የምታደርሱ አላችሁ፤ በፒክአፕ ተጎታች ይዛችሁ ከከተማ ከተማ የምትመላለሱ አላችሁ፤ የግንባታ መሣሪያችሁን ጭናችሁ ጎህ ሳይቀድ የምትወጡ አላችሁ። የዛሬው ርዕሴ ጠባብ ነው፦ የፒክአፕ ጎማ ሲቀየር የንፋስ ሴንሰሮቹን ከመኪናው ጋር ማስተዋወቅ። ጠባብ ቢሆንም ሕይወት ያለበት ጉዳይ ነውና ሰፋ አድርጌ ላስረዳችሁ እፈልጋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወቅቱን ታውቁታላችሁ። በኮሎራዶ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ድረስ በአይ-70 አውራ ጎዳና ላይ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ የሚሄድ መኪና ለበረዶ የሚመጥን ጎማ ወይም ሰንሰለት እንዲኖረው ሕጉ ያዛል። ስለዚህ ወደ ተራራው የሚመላለስ ሰው ሁለት ዙር ጎማ ከነቸርኬው ይገዛል፤ አንዱን ለበረዶው፣ ሌላውን ለሙቀቱ። ወቅቱ ሲደርስ ጎሚስታ ዘንድ ሄዶ ወይም ራሱ ግቢው ውስጥ በክሪክ አንስቶ ይቀይራል። ዳዶውን ያጠብቃል፣ ሞተር ያስነሳል፣ ይወጣል። ብዙም ሳይሄድ ዳሽቦርዱ ላይ የጎማ ቅርጽ የተሳለባት፣ መሀሏ ቃለ አጋኖ ያለባት ቢጫ መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም አይተናል። አንዳንዱ መብራቷን አይቶ አይቶ ይለምዳታል። ጥቁር ፕላስተር የሚለጥፍባትም አለ። ሌላው ተመልሶ ሄዶ ጎሚስታውን «ይህቺን ነገር አጥፋልኝ» ይለዋል። ዛሬ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ይህን ነው፦ ጎማ የመቀየር ሥራ አለቀ የሚባለው መኪናው አራቱን አዳዲስ ጎማዎች በየቦታቸው ሲያውቃቸው፣ ማስጠንቀቂያውም ለታሰሩት ጎማዎች በሚገባው ልክ ሲሠራ ነው። መብራት ማጥፋት ቀላል ነው። መብራት ባለባት ሰዓት እንድትበራ ማድረግ ግን እውቀት ይጠይቃል።

ይህች መብራት በሰው ደም የመጣች መሆኗን ብዙ ሰው አያውቅም። በ1990ዎቹ በፎርድ ኤክስፕሎረር መኪኖች ላይ የታሰሩ የፋየርስቶን ጎማዎች መኪናው በሩጫ ላይ እያለ ጥርስ ያለው የላይኛው ሽፋናቸው እየተገሸለጠ ይወጣ ነበር። ሾፌሩ መሪው ከእጁ ይወጣል፣ መኪናው ይገለበጣል። ፋየርስቶን በኦገስት 2000 ወደ 6.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ጎማ እንዲመለስለት ጠራ። የአሜሪካ መንግሥት የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት በኋላ ከእነዚህ ጎማዎች ጋር ያያያዘው የሟቾች ቁጥር 271 ደረሰ። ጎማው ራሱ የአሠራር ጉድለት ነበረበት። በዚያ ላይ ደግሞ ፎርድ ለመኪናው ያዘዘው የንፋስ መጠን 26 ፒ ኤስ አይ ብቻ ነበር፤ ጎማ አምራቹ በኋላ 30 ይሁን ብሏል። መነሻው 26 የሆነ ጎማ ትንሽ ሲጎድልበት ወዲያው አደጋ ውስጥ ይገባል። አደጋው የበረታውም እንደ ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳና አሪዞና ባሉ ሞቃት ግዛቶች ነበር።

ሙቀቱ ለምን? ንፋስ ያነሰው ጎማ ጎኑ በእያንዳንዱ ዙር ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። በሰዓት 65 ማይል ስትነዱ የፒክአፕ ጎማ በሰከንድ ከአሥር ጊዜ በላይ ይዞራል። በሰከንድ ከአሥር ጊዜ በላይ የሚታጠፍ ወፍራም ጎማ ከውስጥ ይግላል፤ ላስቲኩንና በውስጡ ያለውን የብረት ሽቦ ያጣበቀው ነገር ይለቃል። ጭነት ሲጨመርበትና አስፋልቱም የጋለ ሲሆን ምን እንደሚመጣ እናንተው ትገምቱታላችሁ። ከውጭ ግን ምንም አይታይም። የዛሬ ጎማ ጎኑ ጠንካራ ስለሆነ ሩቡን ንፋስ አጥቶም ለዓይን ሙሉ ይመስላል።

በዚህ የፋየርስቶን ጉዳይ ምክንያት ኖቬምበር 1 ቀን 2000 ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን የጎማ ደህንነት ሕግ ፈረሙ። ከዚያ የወጣው የፌዴራል ደረጃ ቁጥሩ 138 ነው። በዚህ ደረጃ መሠረት ከሴፕቴምበር 2007 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የሚመረት ጠቅላላ ክብደቱ እስከ 10,000 ፓውንድ፣ ማለትም እስከ 4,536 ኪሎ የሆነ አዲስ መኪና ሁሉ የንፋስ መቆጣጠሪያ አለው። ንፋሱ አምራቹ ካዘዘው በ25 በመቶ ሲወርድ መብራቷ መብራት አለባት። ከኋላ በአንድ አክስል ላይ መንታ ጎማ ያላችሁ ልብ በሉ፤ መንታ ጎማ ያለው መኪና ከዚህ ግዴታ ውጭ ነው። የእናንተ መኪና ጎማው ቢጎድልም ዝም ሊል ይችላል። አገር ቤት በጅቡቲ መንገድ የሠራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ረዳቱ በየማረፊያው ወርዶ መንታዎቹን ጎማዎች በብረት እየመታ በድምፃቸው ይለያቸው ነበር። ያንን ልማድ እዚህም አትተዉት እላለሁ፤ በላዩ ላይ ግን መለኪያ ጨምሩበት።

አሁን ይህን ተመልከቱ። ከኋላ ያላችሁም እንድታዩት ከፍ አደርገዋለሁ። በአንድ በኩል የምታውቁት የጎማ ቫልቮላ ነው። ከቫልቮላው ሥር፣ ቸርኬው ውስጥ የሚቀረው ይህ ጥቁር ፕላስቲክ ሴንሰሩ ነው። በውስጡ ግፊት የሚለካ ቺፕ፣ ሙቀት የሚለካ፣ ትንሽ ሬዲዮና ባትሪ አለ። ባትሪው ተቀብሮ የታሸገ ስለሆነ አይቀየርም፤ ሲያልቅ ሴንሰሩ በሙሉ ይቀየራል። ዕድሜው እንደ አነዳዱ ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው። ባትሪውን ለመቆጠብ መኪናው ቆሞ ሲቆይ ሴንሰሩ ይተኛል፣ ጎማው ሲዞር ይነቃል። ሲነቃ ሦስት ነገር ይናገራል፦ ግፊቱን፣ ሙቀቱንና የራሱን መለያ ቁጥር። መለያ ቁጥሩ እዚህ ጀርባው ላይ በጥቃቅን ፊደልና አኃዝ ተጽፏል። አጠገቡ የሚናገርበት የሬዲዮ ሞገድም ተጽፏል፤ በአሜሪካ መኪኖች አብዛኛው 315 ሜጋ ኸርዝ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ 433 ነው።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው መለያ ቁጥሩ ላይ ነው። የመኪናችሁ ኮምፒውተር አራት ቁጥር መዝግቦ ይዟል፦ የፊት ግራ ይህ፣ የፊት ቀኝ ያ፣ እያለ። ትራፊክ መብራት ላይ ስትቆሙ በዙሪያችሁ ያሉት መኪኖች ሴንሰሮች ሁሉ ያወራሉ። መኪናችሁ እነሱን ቢሰማ ኖሮ የጎረቤቱ ጎማ ሲጎድል የእናንተ መብራት በበራ ነበር። ስለዚህ የማያውቀው ቁጥር ሲመጣ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። የበረዶ ጎማችሁ ውስጥ ያለው ሴንሰር አዲስ ቢሆንም፣ ውድ ቢሆንም፣ በትክክል ቢሠራም፣ ቁጥሩ እስካልተመዘገበ ድረስ ለመኪናው እንግዳ ነው። መኪናው የሚጠብቀው ግቢያችሁ ውስጥ ተደርድሮ የተቀመጠውን የሙቀት ወቅት ጎማ ነው።

መብራቷ የምትናገረውን መለየት ይቻላል። ሞተር ስታስነሱ ብልጭ ብልጭ ሳትል ከበራችና እንደበራች ከቆየች የምትለው «ንፋስ ጎድሏል» ነው። መለኪያ አውጡ፣ ለኩ። መጀመሪያ ከአንድ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ተኩል ብልጭ ብልጭ ብላ ከዚያ በርታ ከቀረች ግን የምትለው ሌላ ነው፦ «ከሴንሰሮቹ ያልሰማሁት አለ፤ ጎማው ሙሉ ይሁን ባዶ አላውቅም»። ጎማ ከቀየራችሁ በኋላ የምታዩት አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን ነው። ንፋስ ብትጨምሩም አትጠፋም። ብዙ ሰው ግን ይህን ሳይለይ ከነዳጅ ማደያ ነዳጅ ማደያ እየዞረ ንፋስ ይጨምራል፤ የታዘዘው 35 ሆኖ ሳለ 45 እና 50 የደረሰ ጎማ አይቻለሁ። መሀሉ አብጦ መንገዱን በጠባብ ቦታ ብቻ የሚነካ ጎማ በበረዶ ላይ እንዴት እንደሚይዝ መገመት አያዳግትም።

ታዲያ እንዴት ነው የሚተዋወቁት? እንደ አምራቹ ይለያያል።

በራሱ የሚማር አለ። ራም 1500 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ትክክለኛው ዓይነት ሴንሰር ያለበትን ጎማ አስራችሁ በሰዓት ከ15 ማይል በላይ እስከ 20 ደቂቃ ብትነዱት አዲሶቹን ቁጥሮች ራሱ ያነሳል። ቸኩላችሁ ከጎሚስታው በር ላይ መብራቷ ካልጠፋች ብላችሁ አትጣሉ፤ ንዱት።

ቶዮታ ላይ ግን፣ ታኮማንና ተንድራን ጨምሮ፣ በተለመደው መንገድ ቁጥሮቹ በስካነር ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት በኩል መጻፍ አለባቸው። እዚህ ላይ አንድ ስህተት በጣም ተለምዷል። በብዙ ቶዮታዎች ላይ ከመሪው ሥር አካባቢ አንዲት የማስተካከያ ቁልፍ አለች፤ ተጭናችሁ ስትይዟት መብራቷ ሦስት ጊዜ ብልጭ ትላለች። ሰዎች ያቺ ቁልፍ አዲስ ሴንሰር የምታስተዋውቅ ይመስላቸዋል። አታስተዋውቅም። ቁጥራቸው አስቀድሞ ለተመዘገበ ሴንሰሮች የአሁኑን ንፋስ መነሻ አድርገህ ያዝ ማለት ብቻ ነው። በዚያ ላይ አደገኛ ጎን አላት፦ ጎማው ጎድሎ ሳለ ብትጫኗት መኪናው የጎደለውን ንፋስ እንደ ትክክለኛ ሊቆጥረው ይችላል። ንፋሱን በመለኪያ አስተካክላችሁ ሳትጨርሱ እጃችሁን አታስጠጓት።

ሼቭሮሌና ፎርድ ላይ ሥራው በቆመበት የሚሠራ ነው፣ በእጃችሁም ልትሠሩት ትችላላችሁ። ሲልቨራዶን ላሳያችሁ። መጀመሪያ አራቱን ጎማዎች በበሩ ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ልክ ትሞላላችሁ። የእጅ ፍሬን ትይዛላችሁ። ሞተር ሳታስነሱ ኃይል ብቻ ትከፍታላችሁ። ከሾፌሩ ፊት ባለው ስክሪን ላይ የጎማ ንፋስ የሚታይበትን ገጽ ታመጡና የመምረጫውን ቁልፍ ተጭናችሁ ትይዛላችሁ፤ በቆዩት ሞዴሎች ላይ ደግሞ በሩን የሚቆልፈውንና የሚከፍተውን የሪሞት ቁልፎች አንድ ላይ ይዛችሁ ትቆያላችሁ። ክላክሱ ሁለት ጊዜ ይጮኻል፣ የፊት ግራው ፍሬቻ ይበራል። መኪናው «ይህን ጎማ አሳየኝ» ማለቱ ነው።

ይህቺን ትንሽ የሴንሰር መቀስቀሻ መሣሪያ ይዛችሁ ወደ ፊት ግራ ጎማ ትሄዳላችሁ። ቫልቮላው ካለበት ቦታ አጠገብ ከጎማው ጎን ጋር አስጠግታችሁ ትጫኗታላችሁ። መሣሪያዋ በዝቅተኛ ሞገድ የተኛውን ሴንሰር ትቀሰቅሰዋለች፣ ሴንሰሩ ቁጥሩን ይናገራል፣ መኪናው ይሰማል፣ ክላክሱ አንድ ጊዜ ይጮኻል። ፍሬቻው ወደ ፊት ቀኝ ይዞራል። ከዚያ የኋላ ቀኝ፣ በመጨረሻ የኋላ ግራ። መኪናውን አንድ ጊዜ መዞር ማለት ነው። አራተኛው ሲያልቅ ክላክሱ ሁለት ጊዜ ይጮኻል። ለመጀመሪያው ጎማ የተሰጣችሁ ጊዜ ሁለት ደቂቃ ነው፣ ለሁሉም ደግሞ አምስት ደቂቃ፤ ካለፈ ከመጀመሪያው ነው የምትጀምሩት። ፎርድም ቅደም ተከተሉ ያው ነው። ወደ መማሪያው የሚገባበት መንገድ ግን፣ በፍሬን ፔዳልና በቁልፍ ይሁን በአደጋ መብራቱ፣ እንደ ዓመተ ምርቱ ስለሚለያይ የመኪናውን መጽሐፍ ክፈቱ።

እዚህ ጋ ሁለት ነገር እጨምራለሁ፤ ሁለቱንም በሥራዬ ደጋግሜ ያየኋቸው ናቸው። የፈታችኋቸውን አሮጌ ጎማዎች ከመኪናው አጠገብ ደርድራችሁ አታስተምሩ። መሣሪያዋ ክምሩ ውስጥ ያለውን ሴንሰር ብትቀሰቅስ መኪናው ያንን እንደ ፊት ግራ ጎማ ይመዘግበዋል፤ እናንተም ክምሩን ግቢ ጥላችሁ ትሄዳላችሁ። ራቅ አድርጓቸው። ሁለተኛው፣ ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ፈትኑት። ከኋላ ቀኝ ጎማ ጥቂት ንፋስ አስተንፍሱና ትንሽ ነድታችሁ ስክሪኑን እዩ። የኋላ ቀኙ ቁጥር መውረድ አለበት። የወረደው የፊት ግራው ከሆነ ቦታቸው ተምታቷል። ከፊትና ከኋላ የተለያየ ንፋስ በሚይዝ ከባድ ፒክአፕ ላይ፣ ለምሳሌ ከፊት 60 ከኋላ 80 በታዘዘለት ላይ፣ ይህ መምታታት ማስጠንቀቂያውን ከንቱ ያደርገዋል። በእንዲህ ያለው መኪና ላይ ጎማ የፊቱን ወደ ኋላ ስታዘዋውሩም ማስተማሩ ሊደገም ይገባል።

በየወቅቱ ይህን ሁሉ መደጋገም ለሚያሰለቻችሁ አንድ ጥሩ መላ አለ። በፕሮግራም የሚሠሩ ሴንሰሮች ገበያ ላይ አሉ፤ ኦቴልና ሽሬደር ከሚያመርቷቸው መካከል ይገኛሉ። ለበረዶው ጎማ የምትገዙትን ሴንሰር ጎሚስታው የሙቀት ወቅቱን ሴንሰር ቁጥር እንዳለ እንዲገለብጥበት ጠይቁት። ያኔ ሁለቱም ዙር ጎማዎች አንድ ዓይነት ቁጥር ይኖራቸዋል፣ መኪናውም ለውጡን አያውቀውም፤ ቀይራችሁ መንዳት ብቻ ነው። ሁለት ነገር ብቻ ጠብቁ። የግራው በግራ፣ የቀኙ በቀኝ እንዲታሰር በየጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ቤት የቀረውን ዙር ደግሞ መኪናው ላይ ጭናችሁ አትሂዱ፤ አንድ ቁጥር ያላቸው ሁለት ሴንሰሮች አብረው ከተናገሩ መኪናው የትኛውን እንደሚያምን ይቸገራል። ርካሽ ሴንሰር በፖስታ የምታስመጡም ከመግዛታችሁ በፊት የመኪናችሁን ሞገድ አረጋግጡ። 315 የሚሰማ መኪና ላይ 433 የሚናገር ሴንሰር ብታስሩ ምንም ብታስተምሩት አይሰማም፤ ለማውጣትም ጎማው ከቸርኬው እንደገና መለቀቅ አለበት።

ከዛሬው ንግግሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ ብባል ግን የምመርጠው ቀጥሎ ያለውን ነው። ብዙዎቻችሁ ከፋብሪካ የመጣውን ቀላል ጎማ ትታችሁ «ኤል ቲ» የተጻፈበትን፣ የጭነት ደረጃው «ኢ» የሆነውን ከባድ ጎማ ታስራላችሁ። ለሥራ መኪና ደህና ምርጫ ነው። ነገር ግን ከባዱ ጎማ ቀላሉ ይሸከም የነበረውን ያህል ለመሸከም ከቀላሉ የበለጠ ንፋስ ይፈልጋል። በሩ ላይ 35 ተብሎ የተለጠፈው ለፋብሪካው ጎማ ነው። የጎማ አምራቹን የጭነት ሠንጠረዥ አይታችሁ ለጭነታችሁ 50 ያስፈልጋል ተባለ እንበል፤ 50 ሞላችሁ። መኪናው ግን ይህን አያውቅም። እሱ የሚያውቀው 35ን ነው፤ ማስጠንቀቂያው የሚመጣው ከ35 ሩብ ሲጎድል፣ 26 ገደማ ላይ ነው። ጎማችሁ ከ50 ወደ 26 እስኪወርድ፣ ግማሽ ያህሉን እስኪያጣ ድረስ መብራቷ ጥፍት ብላ ትቀመጣለች። ሴንሰሮቹ ሁሉ ተመዝግበዋል፣ ሥርዓቱ በትክክል ይሠራል፣ ስክሪኑ ንጹህ ነው፤ ተጎታች ይዛችሁ ቁልቁለት ስትወርዱ ጎማው ከውስጥ እየተቃጠለ ነው። ይህ ነው የሚያሳስበኝ።

መፍትሔው እንደ መኪናው ነው። በአንዳንድ መኪኖች ላይ የማስጠንቀቂያውን መነሻ ቁጥር በስካነር መቀየር ይቻላል፤ ፎርድ ላይ ፎርስካን በሚባለው ፕሮግራም ይሠራል። ይህን የሚያደርግላችሁ ሰው ጎማውንና ጭነቱን አስልቶ ይሁን እንጂ መብራት ለማጥፋት ብቻ ቁጥሩን ዝቅ እንዳያደርገው ቁሙበት። መቀየር በማይቻልበት መኪና ላይ ግን ከመብራቷ በፊት ስክሪኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች የማየት ልማድ ያስፈልጋል፤ በየጠዋቱ፣ እንደ መስታወት ማስተካከል። የተጎታቹ ጎማዎች ደግሞ በመኪናው አራት ቁጥሮች ውስጥ የሉም። አዳዲስ ፎርድና ሼቭሮሌ ላይ ለተጎታች የሚጨመር ሴንሰር አለ፤ ለሌላውም ተገዝቶ የሚገጠም ይገኛል። ሴንሰሩ ከሌላችሁ በየማረፊያው በመለኪያ ለኩ።

ስለ ብርዱ በአጭሩ። የሙቀት መጠኑ በ10 ዲግሪ ፋረንሃይት በወረደ ቁጥር ጎማው 1 ፒ ኤስ አይ ገደማ ያጣል። በ70 ዲግሪ በሞቀ ጋራዥ ውስጥ 35 የተሞላ ጎማ ዜሮ ዲግሪ በሆነ የዴንቨር ማለዳ 28 ወይም 29 ላይ ይገኛል። ቀዳዳ የለበትም፣ ብርድ ነው። ከዚያ ላይ ጥቂት ያነሰ ከነበረ መብራቷ ትበራለች፤ ጥቂት ነድታችሁ ጎማው ሲሞቅ ትጠፋለች፤ ሰውም «ሴንሰሩ ተበላሽቷል» ይላል። ሴንሰሩ ልክ ነው። መኪናው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ከቆመ በኋላ፣ በብርዱ ውስጥ፣ በታዘዘው ልክ ሙሉ። ከፍታም የራሱ ሥራ አለው። ከዴንቨር ተነስታችሁ 3,400 ሜትር ላይ ወዳለው አይዘንሃወር ዋሻ ስትወጡ የውጭው አየር ስለሚሳሳ መለኪያው ከ2 ፒ ኤስ አይ በላይ ጨምሮ ሊያሳይ ይችላል፤ የተራራው ብርድ ደግሞ መልሶ ያወርደዋል። ከጅቡቲ ወደብ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣም ያው ነው፤ ከባሕር ጠለል ተነስቶ 2,300 ሜትር ላይ ሲደርስ በከፍታው ብቻ ከ3 ፒ ኤስ አይ በላይ ልዩነት ያሳያል። ተራራው ጫፍ ላይ ሆናችሁ ንፋስ አታስተነፍሱ፤ ስትወርዱ ይጎድላችኋል።

ቫልቮላውን በተመለከተ ጎሚስታውን ልትጠይቁት የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። ጎማው ከቸርኬው በተለቀቀ ቁጥር የቫልቮላው ላስቲክ፣ ዳዶው፣ የውስጡ ፒንና ክዳኑ በአዲስ መቀየር አለባቸው፤ ዋጋው ጥቂት ዶላር ነው። «ቀይረኸዋል?» በሉት። ዳዶውም በትንሽ የማጥበቂያ መለኪያ፣ አምራቹ ባዘዘው ልክ ብቻ ይጠብቅ፤ በጉልበት ከጠበቀ ቫልቮላው ይሰነጠቃል። እዚህ መንገዱ ላይ ለበረዶ የሚረጨው ማግኒዥየም ክሎራይድ የአልሙኒየም ቫልቮላን ይበላዋል። በውስጡ የናስ ፒን ከገባበት ሁለቱ ብረቶች ተበላልተው ይጣበቃሉ፤ ፒኑን ለመፍታት ሲሞከር ቫልቮላው ከነሴንሰሩ ይሰበራል። ኒኬል የተቀባ ፒንና የፕላስቲክ ክዳን ይሁንላችሁ። ለጌጥ ተብሎ የሚሸጠውን የብረት ክዳን አታድርጉ።

አንዳንዶቻችሁ «ሴንሰር የሌለው ቸርኬ ይዤ ሄጄ ጎሚስታው አላስርም አለኝ» ብላችሁ ቅር ተሰኝታችኋል። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም። የጥገና ሥራ የሚሠራ ድርጅት የሚሠራን የደህንነት መሣሪያ አውቆ ከጥቅም ውጭ ማድረግ በፌዴራል ሕግ ተከልክሏል። ባለቤቱ በራሱ ግቢ የሚያደርገውን ሕጉ አይነካም፤ ጎሚስታውን ግን ይይዘዋል። ስለዚህ አዲስ ቸርኬ ስትገዙ የሴንሰሩን ወጪ ከመጀመሪያው ሒሳብ ውስጥ አስገቡት። ያገለገለ ቸርኬ ከነሴንሰሩ ስትገዙም ዓመቱን ጠይቁ። ስምንት ዓመት የሠራ ሴንሰር ዛሬ ቢናገር ባትሪው ለሚመጣው ክረምት ላይደርስ ይችላል፤ በኋላ ጎማውን ከቸርኬው እንደገና ከምታስለቅቁ አሁኑኑ አዲስ ማስገባት ይሻላል። ስኮርታው ደግሞ በአብዛኛው ፒክአፕ ላይ ሴንሰር የለውም። ጎማ ፈንድቶ ስኮርታውን ስታስሩ መብራቷ ብልጭ ብልጭ ብትል አትደንግጡ፤ ስኮርታው ራሱ ግን ለዓመታት ሳይለካ ተንጠልጥሎ ስለሚኖር በየወሩ ንፋሱን እዩለት።

ውጭ አንድ ሲልቨራዶ ቆሟል፤ ባለቤቱ ወንድማችን ዛሬ የበረዶ ጎማ አስሮበት መብራቷ ብልጭ ብልጭ እያለች ነው የመጣው። መሣሪያዋ እዚህ አለች። ኮታችሁን ልበሱና እንውጣ፤ አራቱን ጎማዎች ከመካከላችሁ አንዱ በእጁ ለመኪናው ያስተዋውቃል፣ እኔ አጠገቡ እቆማለሁ። የየራሳችሁን መኪና በር ስትከፍቱም ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በስልካችሁ ፎቶ አንሱና አሳዩኝ፤ ከታሰረው ጎማ ጋር አብረን እናመሳክራለን።